እጀ ወርቅ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ውጭ ቀጭን ካፊያ ይጥላል።

የባዮሎጂ መምህሯ የማሞቂያውን ሳጥን በር ከፈተች። ከውስጡ ለብ ያለ አየር ወጣ፤ ሳይደርቅ የታጠፈ ልብስ ሽታ ነበረው። ጓንት ባጠለቀው እጇ ክብ የላቦራቶሪ ሳህኖቹን አንድ በአንድ እያወጣች በነጩ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። ሁሉም ከነክዳናቸው በፕላስተር ታሽገዋል። የመጀመሪያው ቀይ ነበር። ሁለተኛውም ቀይ። ሦስተኛው ሲወጣ የመምህሯ እጅ አየር ላይ ቆመ።

ቢጫ ነበር። ከዳር እስከ ዳር፣ አንዲት ቀይ ነጥብ ሳትቀረው፣ የእንቁላል አስኳል መስሎ።

ተማሪዋ ቁንዶ በመምህሯ ክንድ ሥር አንገቷን አስግጋ አየችው። ይህ ሳህን ወደ ማሞቂያው ሲገባ እንደ ሌሎቹ ቀይ እንደነበረ ታውቃለች፤ ሲፈስስ፣ ሲረጋ፣ ሲቀዘቅዝ አይታለች። አሁን እንዲህ ሆኖ ሲወጣ የሆነ ሰው በድብቅ ገብቶ የለወጠው መሰላት። በክዳኑ ላይ በጥቁር ማርከር፣ በጓደኛዋ የተንጋደደ ጽሕፈት፣ «እጀ ወርቅ» የሚል ተጽፏል።

እጀ ወርቅ የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ሠራተኛ ናት። እናት አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ይህን ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው፣ እጇ የነካው ደረቅ ዳቦ እንኳ ይጣፍጣል ብለው። ስሙን በሰማች ቁጥር «ወርቁ የታለ ታዲያ?» እያለች መዳፏን ዘርግታ ታሳያቸዋለች።

ሬዲዮ እንኳ አልተናገረችም። ሬዲዮ የቁንዶ የልብ ጓደኛ ናት፤ ስሙ የወጣላት ሳይከፍቷት ስለምታወራ፣ ሲዘጓትም ስለማትዘጋ ነው። ቁንዶ ደግሞ ከቁንዶ በርበሬ የመጣች ናት፤ በቁመት ከክፍሉ ሁሉ ታንሳለች፣ በምላስ ሁሉንም ታቃጥላለች። ሁለቱን መምህሯ ከሳይንስ ክበቡ የመረጠቻቸው አንዷ ጠያቂ፣ ሌላዋ ጠንቃቃ ስለሆኑ ነበር። ጠንቃቃዋ ቁንዶ ናት።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። በእረፍት ሰዓት በእንቁላል የተሞላ ዳቦ የበሉ ልጆች ከሰዓት በኋላ በየክፍላቸው ማስመለስ ጀመሩ፤ አንዱ ደብተሩ ላይ፣ አንዷ በመስኮት፣ አንዱ በር ላይ ሳይደርስ። ከእነሱ መካከል የቁንዶ ታናሽ ወንድም ነበረበት። አባቷ አዝሎት ወደ ክሊኒክ ሲወስደው ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ሽማግሌ ይተነፍስ ነበር። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቃል የማታባክን፣ ሲበዛ ዝምተኛ ሴት። ያን ዕለት ግን የልጇን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች፣ «ልጄን እንዲህ ያደረገ እጅ ይቆረጥ» አለች።

ቁንዶ ከአልጋው ግርጌ ቆማ «አሜን» አለች። በልቧ ብቻ ሳይሆን ጮክ ብላ በአፏም ነው ያለችው።

ወንድሟ በማግስቱ ተሻለው፤ በሦስተኛው ቀን ኳስ ሲያንከባልል ተቆጡት። ወላጆች ግን አልተሻላቸውም። እየተፈራረቁ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ መጡ። ምክትሉ ያጠፋውን ሰው ፈልገው መልስ ሊሰጡ ቸኩለው ሳለ፣ መምህሯ ከጥርጣሬ ምርመራ ይሻላል ብላ ይህን ሙከራ አቀረበች።

ከሁለት ቀን በፊት ላቦራቶሪው ውስጥ ሳቅ ነበር። መምህሯ ቀዩን የረጋ ነገር እያሳየች፣ ጨው እንደበዛበትና ብዙ ባክቴሪያ እንደማይኖርበት ነገረቻቸው። ጨው የማይፈሩ ሁለት ባክቴሪያዎች ግን ቆዳችን ላይ አሉ፤ መንታ ናቸው ማለት ይቻላል፣ በማጉያ መነጽር ብናያቸውም አንለያቸውም። የሚለያቸው የሚበሉት ነው። በቀዩ ውስጥ ማኒቶል የሚባል፣ የኬሚስትሪ ሰዎች «የስኳር አልኮል» የሚሉት ነገር ተጨምሯል። ሬዲዮ ወዲያው ባክቴሪያው ጠጥቶ ይሰክር እንደሆነ ጠየቀች። መምህሯ አያሰክርም አለች፤ እንዲያውም ዘመዱ አሁን ሬዲዮ የምታኝከው ስኳር የለሽ ማስቲካ ውስጥ አለ። ሬዲዮ ማኘኳን አቆመች።

ከመንታዎቹ አንዱ ሌላው የሌለው ጂን አለው፤ ጂን ማለት የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፣ አንድ ኢንዛይም እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዝ።

«ጂን ያሉት ያ ሰው ላይ የሚሰፍረውን ነው፣ ቲቸር?» አለች ሬዲዮ።

«እሱስ አንቺ ላይ ሰፍሯል» አለች መምህሯ፤ ቀጥላም ኢንዛይሙን እንደ እጅ አስቡት አለቻቸው። ማኒቶሉ ወደ ባክቴሪያው ሲገባ የፎስፌት ምልክት ይለጠፍበታል፤ ያ እጅ ሃይድሮጂን ይነጥቀውና ባክቴሪያው ሊበላው የሚችል ስኳር ያደርገዋል። በልቶ ሲጨርስ አሲድ ይተዋል፤ አሲዱ ቀዩን ቀለም ቢጫ ያደርገዋል። ያ እጅ የሌለው መንታ ግን ሌላ ሌላውን ለቃቅሞ ይኖራል፤ ቀዩም ቀይ እንደሆነ ይቀራል። ቢጫ የሚያደርገው ባክቴሪያ ስሙ በላቲን፣ በጥንት ሊቃውንት ቋንቋ፣ «ወርቃማው» ማለት ነው። ቁስል ውስጥ ይገባል፤ ምግብ ላይ ሞቅ ያለ ጊዜ ካገኘ ደግሞ የሚያስመልስ መርዝ ይተዋል።

«ወርቅ ከተገኘማ ቀለበት አሠራበታለሁ» ብላ እጀ ወርቅ ቀድማ እጇን ዘረጋች። ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ጣቶቿን ጠረጉላት። ከዚያ ሬዲዮ፣ ከዚያ መምህሯ ራሷ። ቁንዶ በመጨረሻ የራሷን ጣቶች ጠረገች፤ በቀኝ አመልካች ጣቷ ጥፍር ሥር ያለው ቁስል ቅርፊት ይዞ ስለነበር እሱ ላይ ስትደርስ ቀስ አለች። ሳህኑ ላይ ስታሸው ግን እጇ ከበዳት፤ እንጨቱ ቀዩን ሰንጥቆ ጥልቅ መስመር አወጣበት። መምህሯ «ቀስ በይ፤ አረስሽው እኮ» አለቻት። አምስተኛውን ሳህን ማንም አልነካውም፤ ለማነጻጸሪያ ባዶውን ቀረ።

ሬዲዮ ማርከሩን ይዛ ክዳኖቹ ላይ ጻፈች። ስም የሚጻፈው ክዳን ላይ ነው፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እናቶቻቸው የምሳ ዕቃቸው ክዳን ላይ ሲጽፉ ነው ያደጉት። ሳህኖቹን በፕላስተር ማሸግና ማሞቂያው ውስጥ መክተትም የሬዲዮ ድርሻ ነበር።

አሁን መምህሯ ቢጫውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የቀሩትንም አወጣች። ቀይ፣ ቀይ። ከዚያ ጽሕፈቱን አስተውላ ግንባሯን ቋጠረች። ሳህኑ ግርጌ ላይ ጻፉ ብዬ አልነበረም ወይ፣ ክዳን ይቀያየራል፣ አለች። ሬዲዮ ወለሉን አየች። መምህሯ በጣቷ ፕላስተሩን ዞራ ዳሰሰችው፤ የላላበት ቦታ የለም። «ይሁን፤ ታሽጓል» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

በሩ ተንኳኩቶ ምክትሉ ገቡ። ዣንጥላቸው ይንጠባጠባል። ማንም ሳይነግራቸው ከአምስቱ አንዱን ብቻ አዩ፤ አጎንብሰው ክዳኑን አነበቡ።

«እጀ ወርቅ አላችኋት፤ ይኸው ወርቁ ወጣ» አሉ። አልሳቁም።

መምህሯ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረች። ከሦስት ሰው አንዱ ይህን ባክቴሪያ አፍንጫው ውስጥ ይዞት እንደሚዞር፣ ሳህኑ «እዚህ አለ» ይላል እንጂ «ያን ዳቦ ያበላሸው ይህ ነው» እንደማይል፣ ሴትየዋን ሐኪም ሳያያት እንዲህ ያለ ነገር መወሰን ነውር እንደሆነ ነገረቻቸው። ምክትሉ እስክትጨርስ አዳመጧት። ከዚያም ነገ ወላጅ ሲመጣ ስለ አፍንጫ እንደማያወሩ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሠራተኛ እንደሚገባ፣ የምግብ ቤቱን ቁልፍ አሁኑኑ እንደሚቀበሉ ተናግረው ወጡ። መምህሯ ጓንቷን እየመዘዘች ተከተለቻቸው። ከበሩ ላይ ዞራ ልጆቹን ምንም እንዳትከፍቱ፣ ጠብቁኝ አለቻቸው።

ክፍሉ ውስጥ የማሞቂያው ድምፅ ብቻ ቀረ።

ቁንዶ የተሰማት ንዴት ነበር፤ ንዴቱም ደስ የሚል ነበር። ሰው ተገኘ። ወንድሟን ያሠቃየው እጅ ታወቀ። ያን እጅ በቅርብ ለማየት ይመስል ሳህኑን በጠርዙ ይዛ አነሳችው፤ አልከፈተችውም፤ ገልብጣ በግርጌው በኩል ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው።

በቢጫው መካከል መስመር ነበር። ጥልቅ፣ ጎበጥ ያለ፣ ጫፉ ላይ የተቦደሰ። የታረሰ መስመር።

መጀመሪያ ምንም አላሰበችም። ሳህኑን ዝቅ አድርጋ፣ መልሳ ከፍ አድርጋ አየችው። መስመሩ እዚያው ነው። አስቀምጣ «ቁንዶ» የተጻፈበትን ሳህን አነሳችና ገለበጠችው። ቀዩ ላይ ትንንሽ ነጫጭ ነጥቦች በቅለዋል፤ ፊቱ ግን ለስላሳ ነው፤ ማንም አላረሰውም። ሁለቱንም ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረቻቸው።

ያን ጊዜ ያ ጠዋት መጣባት። ከሳምንት በፊት የእጀ ወርቅ ረዳት ቀርታ ነበር። ተማሪ ወጥ ቤት እንዳይገባ የተከለከለ ቢሆንም ቁንዶ በበሩ ብቅ ብላ ልርዳሽ ብላ ለመነች፤ እዚያ መሆን፣ የዚያች ሴት ቀልድ አጠገብ መቆም ትወድ ነበር። እጀ ወርቅ በፕላስተር የተጠቀለለውን ጣቷን ይዛ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። «ድኗል እኮ፣ እትዬ» አለች ቁንዶ። አልዳነም ነበር፤ ጥፍሩ ሥር መግል ቋጥሮ ሌቱን ሲጠዘጥዛት ነበር ያደረው። የተቀቀለውን እንቁላል ስትልጥ ፕላስተሩ ረጥቦ ወለቀ፤ ኪሷ ከተተችው። እንቁላሉን በጣቶቿ ፈረፈረችው፣ ቅቤና ጨው ጨመረችበት። እረፍቱ በስብሰባ ምክንያት ሲዘገይ ትልቁ ጎድጓዳ ሳህን መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ቆየ።

እሷ ያን ዕለት አልበላችም። የራሷን ድርሻ ለወንድሟ ሰጥታው ነበር።

«አሜን» ያለው የራሷ ድምፅ አሁን ከሩቅ፣ የሌላ ሰው ድምፅ መስሎ ተሰማት። እጇን አየችው። እንደ ሌላው ጊዜ ትንሽ፣ ጥፍሩ የተነከሰ እጅ ነበር።

«ሬዲዮ» አለች። «ሳህኖቹን ስታሽጊ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል?»

«ምን ሆነ?»

ሬዲዮ ብዙ ተናገረች፤ ስለ ፕላስተሩ፣ ስለ መቀሱ፣ ስለ ደወሉ። ከዚያ ንግግሯ እየሳሳ ሄዶ ተበጠሰ። ደራርባ ይዛቸው ስትሄድ ክርኗ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታው። ሳህኖቹ ጠረጴዛው ላይ ወደቁ፤ አንድም አልተሰበረም፣ ክዳኖቹ ብቻ ናቸው የተንከባለሉት። መምህሯ ኮሪደሩ ላይ ስትመጣ ኮቴዋን ሰማች። ለቅማ ገጠመቻቸውና አሸገቻቸው።

«የትኛውን ከየትኛው?»

«ድስት ግጣሙን አያጣም ብዬ ነዋ» አለች ሬዲዮ። ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። «አንዱ እንዲህ ይሆናል ብዬ መቼ አሰብኩ? ሁሉም ቀይ ይሆናል ብዬ ነው እኮ።»

ቁንዶ መስመሩን አሳየቻት። ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ሳትጠይቅ ገባት። በሩን ሄዳ ገርበብ አደረገችውና ተመልሳ በሹክሹክታ መናገር ጀመረች፤ የተናገረችውም ሁሉ እውነት ነበር፣ ቁንዶን ያስፈራትም ይኸው ነው። ማንም አያውቅም። መምህሯ ነገ ሳህኖቹን በእንፋሎት ቀቅላ ታጥባቸዋለች፤ መስመሩም ከነቢጫው ይቀልጣል። ሬዲዮ አንድ ጊዜ ማጉያ መነጽር ሰብራለች፤ ይህ ከታወቀ ከክበቡ ትወጣለች። እትዬ ትልቅ ሰው ናት፣ ሥራ አታጣም።

«እኛ ግን እዚሁ ነን፣ ጀለሴ» አለች ሬዲዮ። «እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ቁንዶ መባልሽ ይቀራል። ‹መግሏ› ነው የሚሉሽ። ወንድምሽንስ ምን ልትዪው ነው?»

ወንድሟ አልጋው ላይ ሆኖ እጇን ሲይዝ የነበረው በዚህኛው ጣት በኩል ይሁን በሌላኛው ለማስታወስ ሞከረች። አልመጣላትም። ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ሬዲዮ «አንቺ» አለች ከኋላዋ፣ ደግማም «አንቺ ልጅ»።

የምክትሉ ቢሮ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ወለሉ ከልጆች ጫማ በገባ ጭቃ ረጥቧል፤ አንድ ጽዳት ሠራተኛ ጋዜጣ ያነጥፍበታል። ቁንዶ በዝግታ የሄደችው እንዳትወድቅ ነው፤ ቢያንስ ለራሷ ያለችው እንዲያ ነው። አንድ ሐሳብ በየእርምጃው ይመላለስባት ነበር፦ ከደረሰች በኋላም መመለስ ትችላለች። በሩ ጋ ቆማም ትችላለች። ሳህኑን እንድትመልስ የላካት ሰው እንዳለ አስመስላ፣ ጠረጴዛው ላይ አኑራው መውጣት ትችላለች።

በሩ በደንብ አልተዘጋም። በስንጥቁ የእጀ ወርቅ ጀርባ ታየ፤ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ የእንግዳ አቀማመጥ። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። መምህሯ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ምክትሉ በጨዋ ድምፅ፣ ለፍትሕ ሲሉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ እንዳለ ተናገሩ። ያን ዕለት ረዳቷ አልነበረችም። እንቁላሉን ከእርሷ ሌላ የነካ ሰው ነበር?

ቁንዶ ከበሩ ውጭ ሆና ስሟ እስኪጠራ ጠበቀች። እንዲያውም እንዲጠራ ፈለገች፤ ቢጠራ ውሳኔው የሷ አይሆንም ነበር።

«የለም» አለች እጀ ወርቅ። «እኔው ብቻ ነኝ።»

ተማሪ ወጥ ቤት ማስገባቷ ሌላ ጥፋት እንዳይሆንባት ብላ ይሁን፣ ለልጅቷ አስባ ይሁን፣ ከድምፅዋ አይታወቅም ነበር። ጀርባዋ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ቁንዶ በሩን በክርኗ ገፋችው።

ሦስቱም ዞሩ። ስትመጣ ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር ነበራት፤ ረጅም፣ ከመጀመሪያው የሚጀምር፣ ጣቷንና ፀሐዩን ሁሉ በቅደም ተከተል የሚያነሳ። አፏን ስትከፍት ጠፋባት።

«እንቁላሉን የላጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «የፈረፈርኩትም።»

«ዝም በይ፣ አንቺ ልጅ» አለች እጀ ወርቅ ቶሎ ብላ። «ማን ጠየቀሽ?»

«ጣቴ መግል ይዞ ነበር። እትዬ ስትጠይቀኝ ድኗል ብዬ ዋሸኋት።» ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ፣ ገልብጣ አስቀመጠችው። «ቢጫው የኔ ነው፣ ቲቸር። ያረስኩት ይኸው።»

መምህሯ ከመስኮቱ መጣች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ አውጥታ፣ አፍንጫዋ ሳህኑን እስኪነካ ጎንበስ አለች። መስመሩን ስታገኘው ትከሻዋ ሲወርድ ታየ። ቀና አላለችም፤ ጎንበስ እንዳለች «ክዳኑ» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። «ክዳኑን ዓይቼ ነበር እኮ።»

ምክትሉ ክዳኖቹን ማን እንደቀያየራቸው ጠየቁ። ቁንዶ ወድቀው እንደነበር ተናገረች፤ ማን እንደጣላቸው አልተናገረችም። ደጋግመው ጠየቋት፤ እሷም ወድቀው ነው አለች። ከዚያ ጥያቄ በኋላ ቢሮው ውስጥ ማንም ወዴት እንደሚያይ አላወቀም። እጀ ወርቅ የልጅቷን እጅ ስባ ጣቷን ገልብጣ አየችው፣ ያን ጠዋት እንዳየችው። እጁን ቶሎ አልለቀቀችውም።

መምህሯ ሁሉንም እንደገና፣ ከመጀመሪያው እንደምትሠራ፣ ልጅቷም ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ጣቷ መታየት እንዳለበት ተናገረች። ምክትሉ ጥቂት ወረቀቶችን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩ። ተማሪ ወጥ ቤት ስለመግባቱ ከሰዓት በኋላ እንደሚነጋገሩ ለእጀ ወርቅ ነገሯት፤ ይህም ቀላል ነገር እንዳልሆነ። ከዚያ ቁልፉን በጣታቸው ወደ እሷ ገፉት።

«የእረፍት ዳቦ አልደረሰም አይደል?» አሉ።

«አልደረሰም» አለች። ተነሳች። ቁልፉን ኪሷ ከተተችው። በቁንዶ አጠገብ ስታልፍ አናቷን በመዳፏ ነካ አድርጋት ወጣች።

ቁንዶ ለመቀመጥ አልተጠየቀችም። ምክትሉ ስልካቸውን አወጡ፤ ይህ ለቤተሰብ መነገር አለበት አሉ፣ የታመሙት ልጆች ወላጆችም መስማታቸው አይቀርም። የማንን ቁጥር ትሰጪኛለሽ ብለው ጠየቋት።

አባቷ በዚህ ሰዓት መኪና እየነዳ ነው፤ አያነሳም። አጎቷ ያነሳል። አጎቷ ምንም ቢነግሩት «ልጅ አይደለች እንዴ» ብሎ ስቆ የሚያልፍ ሰው ነው፤ ከዚህ በፊት መስኮት በሰበረች ጊዜም እሱ ነው መጥቶ የፈረመላት። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

የእናቷን ቁጥር ተናገረች። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፤ ምክትሉ አንዱን አሃዝ ሲስቱም አረመቻቸው።

በሁለተኛው ጥሪ እናቷ አነሳች።